ሁለት ሁለት ነጥብ አራት ነጥብ አይሆንም

እኔ የሚኒባስ ሹፌር ነኝ። ከቡታጅራ ተነስቼ በቡኢ አድርጌ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው እህቴ ሰልሚያ የነገረችኝን ብቻ ነው፤ እሷ ስታስረዳ ግን የማይገባው ሰው የለም። ለዚህ ምስክሩ እኔው ነኝ።

ሰልሚያ ዓይነ ስውር ናት። ዓይኗን ያሳጣት ኩፍኝ የያዛት ትምህርት ቤት ሳትገባ ነው። ቤታችን ከቡታጅራ ወጣ ብሎ መስቃን ውስጥ ነው፤ አባታችን ከድሮ በርበሬ ያመርታል፣ ገበያም ያወጣል። እኔ ያኔ ትምህርት ጀምሬ ስለነበር ከክፍል ስመለስ የተማርኩትን ፊደል እሷንም አስቆጥራት ነበር። «ሀ ለ ሐ መ» ላይ ደርሰን ሳለ ታመመች። ከበሽታው ስትነሳ መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ «አብዱዬ፣ ከ‹መ› ቀጥሎ ያለው ምን ይመስላል?» ብላ ነው።

እጇን ያዝኩና መዳፏ ላይ በጣቴ «ሠ»ን ጻፍኩላት።

«መንሽ ይመስላል» አለች።

እንዲህ እያልን እስከ መጨረሻው ዘለቅን። አሁንም ድረስ የ«ሀ»ንና የ«ሐ»ን መልክ የምታውቀው በመዳፏ ነው።

ገበያ አብረን ስንሄድ ከመናኸሪያው እስከ በርበሬ ተራ ያለውን ማስታወቂያ ሁሉ አነብላት ነበር። ሰልችቶኝ አንዱን ከዘለልኩ ታውቅብኛለች። «እዚህ ጋ ባለፈው ‹ልብስ ስፌት› ብለህ ነበር፤ ተነቀለ እንዴ?» ትለኛለች። አልተነቀለም። ተመልሼ አነብላታለሁ።

«ይህቺ ልጅ ቤት ትቀመጥ እንጂ የት ትደርሳለች?» የሚሉ ዘመዶች አልጠፉም። አባቴ ግን «ሳልሞክራት አልፈርድባትም» ብሎ ዓይነ ስውራን ወደሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ላካት። እዚያ ብሬል ተማረች። ክረምት ክረምት ስትመጣ ደግሞ ከእኔ የበለጠ አንባቢ ሆና ነው የምትመጣው። በመጨረሻ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ አማርኛ አጠናች።

ኮምፒውተር ሲናገር የሰማሁት መጀመሪያ ወልቂጤ ልጠይቃት የሄድኩ ዕለት ነው። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። ስክሪን ሪደር ይሉታል፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። ጉንፋን እንደያዘው ሰው በአፍንጫው ያወራል፤ ፍጥነቱ ደግሞ ለጉድ ነው። ረዳቴ መናኸሪያ ውስጥ ሲጣራ እንኳን እንዲያ አይፈጥንም።

«ይሄ ሰውዬ ምን እያለ ነው?» አልኳት።

«ለእኔ እንደዚህ ነው የሚመቸኝ፤ ቀስ ካለ እንቅልፌ ይመጣል» ብላ ሳቀች።

ስክሪፕት መጻፍ የተማረችውም እዚያው ነው። ምን እንደሆነ ስጠይቃት እንዲህ አለችኝ፦ «ለኮምፒውተሩ የሚጻፍ አጭር ትእዛዝ ነው። ‹ይህን ፋይል ክፈት፣ መስመር በመስመር እይ፣ እንዲህ ያለ ነገር ካገኘህ እንዲህ አድርገው› ትለዋለህ። አንተ ረዳትህን ‹ቡኢ ወራጅ ካለ ንገረኝ› እንደምትለው ነው። ልዩነቱ፣ ረዳትህ ያልነገርከውንም ይገምታል፤ ኮምፒውተር ግን አይገምትም። ያልከውን ብቻ፣ እንዳልከው ያደርጋል።»

ተመርቃ ስትወጣ ቡታጅራ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህርት ሆና ተመደበች። የዓይነ ስውራን ተማሪዎች መርጃ ክፍልም ለእሷ ተሰጠ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ጥቂት አሮጌ ላፕቶፖች፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ የተወሰኑ የብሬል መጻሕፍት አሉት። የዘጠነኛ ክፍል የአማርኛ መማሪያ ግን በብሬል አልነበረም። ልጆቹ የሚያነብላቸው ጓደኛ ሲገኝ ያጠናሉ፤ ካልተገኘ ይቀመጣሉ። በስልክ የሚዞር የመጽሐፉ ቅጂ ነበር፤ እሱ ግን ፎቶ ነው፤ ፎቶ ደግሞ ለማንበቢያው ፕሮግራም ባዶ ገጽ ማለት ነው።

«መጽሐፉ እንደገና በፊደል መጻፍ አለበት» አለች ሰልሚያ።

እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ተነስታ በየጽሕፈት ቤቱ ዞረች። ቡታጅራ ውስጥ ጋሽ ያረጋል የመጀመሪያውን ምዕራፍ ወሰዱ። ጋሽ ያረጋል ከታይፕ መኪና ዘመን ጀምሮ ጸሐፊ ናቸው፤ በከተማው የእሳቸው እጅ ያልነካው ማመልከቻ የለም። ቡኢ መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት መንበረ ሁለተኛውን ያዘች። ቀሪውን ወልቂጤ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ ተከፋፈሉት። ፍላሾቹን ከቡኢ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። ከመሪው አጠገብ በትንሽ ፌስታል ቋጥሬ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ረዳቴ አንድ ቀን ከፍቶ ሊያይ ሲል፣ «ተው! መጽሐፍ ነው» አልኩት።

መጀመሪያ የደረሰው የጋሽ ያረጋል ምዕራፍ ነው። ሰልሚያ ልጆቹ በሚያዳምጡበት በአንዱ ላፕቶፕ ላይ ጫነችው።

ከተማሪዎቿ መካከል ፍቅርአዲስ የምትባል የቡኢ ልጅ አለች፤ ያመነችበትን ሳትናገር የማታድር። ትንሽ እንዳዳመጠች ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወረደችና፣

«ቲቸር፣ ይህ መጽሐፍ አይተነፍስም» አለች።

«እንዴት አይተነፍስም?»

«ዝም ብሎ ይሮጣል። አንዱ ዓረፍተ ነገር የት እንዳለቀ፣ ሌላው የት እንደጀመረ አይታወቅም። እኔ ራሴ ትንፋሽ አጠረኝ እኮ።»

ልጆቹ ሳቁ። ሰልሚያ አልሳቀችም። ራሷ በዚያ ፍጥነት ማዳመጥ ስለለመደች ልብ አላለችውም ነበር። ፍጥነቱን ቀንሳ ስትሰማው ልጅቷ እውነቷን ነው፤ ድምፁ አንድም ቦታ ሳያርፍ ምዕራፉን ከዳር እስከ ዳር ይነዳዋል።

ስለዚህ አንድ አጭር ስክሪፕት ጻፈች። ትእዛዙ ቀላል ነው፦ አራት ነጥብ ባገኘህ ቁጥር መስመር ቁረጥ፣ ስትጨርስ ስንት ዓረፍተ ነገር እንዳገኘህ ንገረኝ። ስክሪፕቱ ሠርቶ ጨረሰና መለሰ፦ አንድ።

አንድ! ያ ሁሉ ምንባብ፣ ያ ሁሉ መልመጃ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር።

እኔ ልወስዳት ስደርስ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ የአይሲቲ መምህሩ ይታገሱ ቆሟል። «ስክሪፕቱ ነው የተሳሳተው ወይስ ጽሑፉ?» እያለች ራሷን ትጠይቃለች። ከዚያ ራሷ ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ጻፈችና ለስክሪፕቱ ሰጠችው። ሁለት አለ።

«ስክሪፕቱ ደህና ነው» አለች። «ችግሩ ጽሑፉ ውስጥ ነው። አብዱዬ፣ እስቲ ዓይንህን አውሰኝ። የዚህ መስመር መጨረሻ ላይ ምን አለ?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። «አራት ነጥብ ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ኧረ ቆጥሬዋለሁ! ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች።»

ይታገሱም አየና፣ «አዎ፣ አራት ነጥብ ነው» አለ።

ሰልሚያ ግን አላመነችንም። ለካ በኮምፒውተር ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል፣ ነጥቡም ጭምር፣ የራሱ ቁጥር አለው፤ እንደ መኪና ታርጋ። ሁለት ፊደል አንድ ታርጋ አይጋራም። የዚያን መስመር የመጨረሻ ምልክቶች ታርጋ እንዲነግራት አዘዘችው። ማዳመጫዋን አጥብቃ ይዛ ሰማች፣ ደግማ ሰማች፤ ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታ አድርጋ ሳቀች።

«ሁለት ታርጋ ነው! አራት ነጥብ ቢሆን አንድ ነው የሚኖረው። ጋሽ ያረጋል ሁለት ነጥብን ሁለቴ እየመቱ ነው!»

ግራ ገባኝ። «ታዲያ ሁለትና ሁለት አራት አይደለም?»

«ለዓይን አዎ። ለኮምፒውተር ግን ሁለት ሁለት ነጥብ አራት ነጥብ አይሆንም። ሁለት ባጃጅ ጎን ለጎን ስለቆመ ሚኒባስ ይሆናል እንዴ?»

ይታገሱ መነጽሩን አውልቆ ስክሪኑ ላይ ተለጠፈ። «፡፡» እና «።»ን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ቢያፈጥም ልዩነቱ የፀጉር ያህል ነው። «እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚህ ነው የምጽፈው» አለና እሱም ሳቀ። «ዓይን ሲያታልል እንዲህ ነው።» የሁለታችን ዓይን ያለፈውን ነገር እሷ በጆሮዋ አገኘችው። ያን ቀን ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ልናገር ምንም አልቀረኝ።

ደስታ ግን ሰውን ያቻኩላል። በማግስቱ «ሁለት ሁለት ነጥብ ያለበትን ሁሉ በአራት ነጥብ ተካ» የሚል ስክሪፕት ጻፈችና በዋናው ፋይል ላይ ለቀቀችው። ከዚያ ፋይሉን ከፍታ ማዳመጥ ጀመረች። ድምፁ «ባዶ» አለ። ወደ ታች ወረደች፤ «ባዶ»። ሌላ ምንም የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ስክሪፕቱን አንዱን ፋይል ከፍቶ እዚያው ላይ መልሶ እንዲጽፍ ነበር ያዘዘችው። ለመጻፍ የተከፈተ ፋይል ደግሞ ገና ሲከፈት ውስጡ ይጸዳል። ኮምፒውተሩ ያለችውን፣ እንዳለችው አደረገ፤ ባዶውን አነበበ፣ ባዶውን አስተካከለ፣ ባዶውን መለሰ።

«ጋሽ ያረጋል ጋ ቅጂው ይኖራል» አልኳት። ደወልኩላቸው። የእሳቸው ኮምፒውተር በቫይረስ ተመቶ ሰሞኑን ፎርማት ተደርጓል። ፍላሹም ባዶ ነው፤ ሰልሚያ ወደ ላፕቶፑ ስታዛውር ቀድታ ሳይሆን ቆርጣ ነበር የወሰደችው።

ጋሽ ያረጋል ጽሕፈት ቤት አብሬያት ሄድኩ። በሩ ላይ ስትደርስ ቆም አለችና ደረጃውን በነጠላ ጫማዋ ጫፍ ፈልጋ ገባች።

«ጋሽ ያረጋል፣ አጥፍቼ ነው የመጣሁት» አለች። «የጻፉልኝን ምዕራፍ በራሴ እጅ ደመሰስኩት። የእኔ ስህተት ነው።»

ሰውዬው እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ አነሱ። ስንት ቀን ደንበኛ እየመለሱ የጻፉት እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ልናገርላት ስል ቀደሙኝ።

«ልጄ» አሉ፣ «እኔ በታይፕ መኪና ዘመን የአንድ ሙሉ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ላይ ሻይ ደፍቼ አውቃለሁ። ያውም ዋናው ላይ። ተቀመጪ። መጽሐፉ እዚህ ነው ያለው፤ ግን ዓይኔ እየደከመ ነው፤ እያየሁ ስጽፍ ነው ብዙ የቆየሁት። የሚያነብልኝ ባገኝ ቶሎ እጨርሰው ነበር።»

«እኔ አነብልዎታለሁ» አለች ሰልሚያ።

ጋሽ ያረጋል ቀና ብለው አዩኝ። እኔም ግራ ገባኝ።

ሰልሚያ ጉሮሮዋን ጠረገችና ከመጀመሪያው መስመር ጀመረች። ችግሩን ስትፈልግ ያንን ምዕራፍ ስንቴ እንደሰማችው እንጃ፤ ምንባቡን ከነመልመጃው ይዛዋለች። እሷ ትናገራለች፣ እሳቸው ይመታሉ፤ እኔ መጽሐፉን ይዤ በጣቴ እየተከተልኩ አመሳክራለሁ። አንዳንድ ቦታ ትስታለች፤ አስታውሳታለሁ፤ ተቀብላኝ ትቀጥላለች። ብዙውን ጊዜ ግን ጣቴ መስመሩን ይዞ እሷን መከተል አቅቶት ነበር። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣ ሰው ወረቀቱን ይዞ እዚያው ቆሞ ቀረ። «ይቺ ልጅ ቁርኣን በቃሏ የያዘች ሀፊዝ ናት?» አለኝ በሹክሹክታ። «የአማርኛ መምህርት ናት፤ እህቴ ናት» አልኩት፤ ድምፄን ግን ዝቅ አላደረግኩም።

በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሰልሚያ «አራት ነጥብ» ትላለች። ጋሽ ያረጋልም ሁለት ነጥብን ሁለቴ ይመታሉ። የምቱን ድምፅ ሰምታ «ጋሽ ያረጋል!» ትላቸዋለች። ያጠፉና ትክክለኛውን ቁልፍ ይፈልጋሉ። ሁለት ሦስት መስመር ከሄዱ በኋላ ደግሞ ጣታቸው ወደ ልማዱ ይመለሳል።

«እንደው ይቅርታሽን፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «ጣቴ አርጅቷል፤ ታይፕ መኪና ላይ የያዘውን ልማድ አሁን አይለቅም።»

ሰልሚያ ፈገግ አለች። «ይተዉት። እርስዎ እንደለመዱት ይጻፉ። መማር ያለበት ስክሪፕቱ ነው።»

ይህን ያለችው ዝም ብላ አልነበረም። ከዚያን ቀን ወዲህ ሥራዋ ሁሉ በዚህ መንገድ ሄደ። ይታገሱ አብሯት ቁጭ ብሎ አንድ ዘዴ ነደፉ፦ ከሰው የመጣ ፋይል «ዋና» በሚባል ቦታ ይቀመጣል፤ እሱን ማንም አይነካውም፣ እሷም ጭምር። ስክሪፕቱ ከዚያ ያነባል፣ የተስተካከለውን ሌላ ቦታ አዲስ ፋይል አድርጎ ያወጣል። ደግሞም በሙሉ ምዕራፍ ላይ ከመለቀቁ በፊት በጥቂት መስመር ይሞከራል።

ዘዴው የመንበረ ምዕራፍ ሲመጣ ወዲያው ጠቀመ። መንበረ አባቷ የድሮ ትምህርት የተማሩ ናቸው፤ እሷም ከእሳቸው ወርሳ በቃላት መካከል ሁሉ ሁለት ነጥብ ታስቀምጣለች። ሰልሚያ «ሁለት ነጥቡን በባዶ ቦታ ተካ» ብላ ስክሪፕቱን ጥቂት መስመር ላይ ስትሞክረው የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻም አብሮ ጠፋ። ለምን ቢባል፣ መንበረም እንደ ጋሽ ያረጋል አራት ነጥብን በሁለት ሁለት ነጥብ ነው የምትጽፈው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገለበጠችው፦ መጀመሪያ ጥንዶቹን ወደ አራት ነጥብ ለውጥ፣ ከዚያ ብቻቸውን የቀሩትን አንሳ። ሠራ። «መኪናም እኮ መጀመሪያ ፍሬን ነው የሚያዘው፣ ከዚያ ነው በሩ የሚከፈተው» አልኳት። «አየህ፣ ገብቶሃል» አለችኝ፤ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋለ።

ከወልቂጤ የመጡት ምዕራፎች ደግሞ በአንድ ፋይል ሆነው ሌላ ጣጣ ይዘው መጡ። ስክሪፕቱ «ምዕራፍ» የሚለውን ቃል እየፈለገ ርዕሶቹን መለየት ነበረበት። ሁሉንም አገኘ፤ የፋይሉ መጀመሪያ ላይ ያለውን ግን «የለም» አለ። እኔም አየሁ፣ ይታገሱም አየ፤ ቃሉ እዚያው ጉብ ብሎ ተቀምጧል። ሰልሚያ ኮምፒውተሩን ቃሉ ስንት ፊደል እንደሆነ ጠየቀችው። አምስት አላት።

«ም፣ ዕ፣ ራ፣ ፍ» ብላ በጣቷ ቆጠረች። «አራት ነው። አምስተኛው ማነው?»

የእያንዳንዱን ታርጋ ስትጠይቅ ከ«ም» በፊት አንድ የማይታይ ምልክት ተወሽቆ ተገኘ። አንዳንድ የጽሕፈት ፕሮግራም ፋይል ሲያስቀምጥ መጀመሪያው ላይ ሳይነግር የሚጥለው ምልክት ነው። ለዓይን አይታይም፣ በድምፅም አይነበብም፤ ቃሉ ግን ሌላ ቃል ይሆናል። ሰልሚያ ያገኘችው በመቁጠር ነው። «ያልከፈለ ተሳፋሪ» አልነው፤ እስከ ዛሬም እንዲሁ ነው የምንጠራው።

በአንድ ነገር ግን ከይታገሱ ጋር ተከራከሩ። ልጆቹ ቃል ሲፈልጉ «ሀይል» ብለው ይጽፋሉ፤ መጽሐፉ ውስጥ «ኃይል» ነው የተጻፈው፤ ፍለጋው «አልተገኘም» ይላቸዋል። ይታገሱ፣ «ቀላል ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ሀ ሁሉ አንድ ዓይነት እናድርገው» አለ።

«አይሆንም» አለች ሰልሚያ። «ዓይን ያለው ተማሪ ‹ኃይል› እና ‹ሀይል›ን ለይቶ ሲያይ የእኔ ልጆች ለምን አንድ ብቻ ይሰጣቸዋል? ፊደሉ የእነሱም ነው። ስክሪፕቱ ሲፈልግ ብቻ ሁሉንም እንደ አንድ ይቁጠር፤ መጽሐፉ ግን እንደተጻፈ ይቆይ።»

ይታገሱ ራሱን ነቀነቀ። «ልክ ነሽ» አለ፤ ቁጭ ብሎም አብሯት ሠራው።

መጽሐፉ ሙሉ ለሙሉ ሲያልቅ ሰልሚያ ምንም ድግስ አላዘጋጀችም። ልጆቹ እንደተለመደው ገቡ፣ ማዳመጫቸውን አጠለቁ። ክርስቲያን የሚባለው ተማሪ ብቻውን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይከተላል። ፍቅርአዲስ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረችም፤ ለእሷ ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። በኋላ አንዱን ጆሮ ብቻ ገለጥ አድርጋ፣ «ቲቸር፣ አሁን ሰው ሆኗል» አለች። ሰልሚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ዓይኗ ባያይም ስታለቅስ ሰው እንዲያያት አትወድም።

አባታችን በአንድ የገበያ ቀን በርበሬውን ሸጦ ሲመለስ ትምህርት ቤቱ ጎራ አለ። ፊደል አልቆጠረም። እሷ ምን እንደምትሠራ በደንብ ገብቶት አያውቅም፤ ሰው ሲጠይቀው «ታስተምራለች፣ አልሐምዱሊላህ» ብሎ ያልፈዋል። ሰልሚያ አስቀመጠችውና ማዳመጫውን ነቅላ ድምፁን ለክፍሉ ለቀቀችው። ስለ ንብ ማነብ የሚያወራ ምንባብ ነበር። አባቴ ሽርጡን አስተካክሎ፣ ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ አዳመጠ። ትንሽ ቆይቶ፣

«ውሸት ነው!» አለ።

«ምኑ ነው ውሸት፣ አባቴ?»

«ጭሱን እንደዚያ ቀፎው ውስጥ ቢያበዙበት ንቡ ይሸሻል እንጂ ይረጋጋል? ይህን የጻፈው ንብ አያውቅም። እስቲ መልሺልኝ።»

መለሰችለት። አሁንም ተከራከረ። ሦስተኛ ጊዜ አስደገማትና እንደመስማማት አለ። ሊሄድ ሲነሳ በሩ ላይ ቆመና፣ «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መጽሐፍ አናግሮኝ አያውቅም ነበር» አለ። እጁን ራሷ ላይ አድርጎ መረቃት። ዱዓው ረጅም ነበር፤ ልጆቹ ሁሉ «አሚን» አሉ፤ ፍቅርአዲስና ክርስቲያንም ጭምር።

በዚያ ዓመት ልጆቹ የአማርኛ ፈተናቸውን ሳይንገዳገዱ አለፉ። ወሬው ወልቂጤ ደረሰና በዞኑ በየመርጃ ክፍሉ ያሉ መምህራን ለሥልጠና ሲሰበሰቡ ሰልሚያ እንድታሳያቸው ተጠራች። ያን ቀን ሚኒባሱን ለረዳቴ ወንድም ሰጥቼ በሌላ መኪና እኔው ራሴ ይዣት ሄድኩ። ከአረቅጥ የመጡ አሉ፣ ከጉንችሬ የመጡ አሉ። ከኋላ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ።

ስለ ራሷ ብዙ አልተናገረችም። ቀጥታ ወደ ጥፋቷ ገባች። «መጀመሪያ እንዴት አንድ ምዕራፍ እንደደመሰስኩ ልንገራችሁ» አለች። አዳራሹ ሳቀ፤ ሰውም ተዝናና። ከዚያ አንድ በአንድ አሳየቻቸው፦ የማይታይ ስህተት በመቁጠር እንዴት እንደሚገኝ፣ ጽሑፉና ስክሪፕቱ ሲጣሉ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ በትንሽ ሙከራ እንዴት እንደሚለይ፣ የሰው ልማድ ላይ ከመቆጣት ይልቅ ስክሪፕቱን እንዴት ማስለመድ እንደሚሻል። መምህራኑ ይጽፋሉ። አንዱ ከአጠገቤ «ምን ዓይነት ሰው ናት!» ሲል ሰማሁት። ወንበሬ የጠበበኝ መሰለኝ።

ከጉንችሬ የመጣች ሀሊሜ የምትባል መምህርት እጇን አወጣች። «እኔ ከሽማግሌዎች አፍ የሰማሁትን ተረት በጉራግኛ ጽፌ ነበር» አለች። «የእኛ ቋንቋ አማርኛ የሌለው ፊደል አለው። ማንበቢያው እነዚያን ፊደሎች ሲያገኝ ዘሏቸው ያልፋል። ተረቱ በመሃል ጥርሱ እንደወለቀ ሰው ይሆናል። ምን ይሻላል?»

አዳራሹ ወደ ሰልሚያ ተመለሰ።

«አላውቅም» አለች ሰልሚያ። «አልገጠመኝም። ግን ፋይሉን ስጪኝ፤ አብረን እናየዋለን።»

ተረቶቹን ይዛ ተመለሰች። ለተወሰነ ጊዜ ሥራዋ ሁሉ እሱ ሆነ። በመጨረሻ ያገኘችው መላ እንዲህ ነው፦ ጽሑፉ እንዳለ ይቆያል፤ ለድምፁ ብቻ ስክሪፕቱ አንድ ቅጂ ያወጣና ፕሮግራሙ የማያውቀውን ፊደል በቅርብ ድምፅ ባለው ፊደል ይተካዋል። ፍጹም አይደለም፤ ግን አይዘልም።

ለሀሊሜ ላከችላት። ከጥቂት ቀን በኋላ ሀሊሜ ደወለች። ሰልሚያ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ስለነበር እኔም ሰማሁ። ከጉንችሬ የልጆች ሳቅ ይመጣል፤ እየተንከተከቱ ነው የሚስቁት።

«ምን ሆነው ነው?» አለች ሰልሚያ።

«ድምፁ የጉራጌን ቃል እንደ አዲስ አበባ ሰው ይለዋል!» አለች ሀሊሜ እሷም እየሳቀች። «ግን ገብቷቸዋል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰምተው ‹ድገሚልን› አሉኝ።»

ሰልሚያ ኪቦርዷን ወደ ራሷ ሳበች። «በይ ያሳቃቸውን ቃል አንድ በአንድ ንገሪኝ» አለቻት፤ መጻፍም ጀመረች።